«ይቺ የልጄ ድምፅ አይደለችም»፦ የዩኤስቢ ድምፅ መቀየሪያ የሰው ድምፅ ሲቀይርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የጓደኛችን አያት ላፕቶፑን ለአንድ ደቂቃ ያህል አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ ተሳስታችኋል መሰለኝ። ይቺ የልጄ ድምፅ አይደለችም። ይቺ ትልቅ ሴት ናት» አሉን።

እኛ ደግሞ ካሴቱን በእጃችን ይዘነዋል። ላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእናቴ፣ ከጂዳ፣ 1990 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። እንዴት ነው የሚሳሳተው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛችን እናት በወጣትነቷ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያኔ ስልክ መደወል ውድ ነው፣ ቴሌግራም የለም፣ ቮይስ መላክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እንደ ብዙ ሰው ካሴት ላይ ታወራና ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። የዛሬው ቮይስ ሜሴጅ ቅድመ አያት በሉት። ከዚያ ተመልሳ መጣች፣ ጓደኛችንን ወለደች፣ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ጓደኛችን የእናቷን ድምፅ አታስታውሰውም። ከዚያ ሁሉ ካሴት የተረፈው ደግሞ ይሄ አንዱ ብቻ ነው።

እኛም ቴፕ ተዋስን፣ በትንሽ ብር የዩኤስቢ ድምፅ መቀየሪያ ገዛን፣ የቴፑን ድምፅ በገመድ ወደ መቀየሪያው፣ መቀየሪያውን ወደ ላፕቶፕ ሰካን። አንዱን ወገን ቀዳን። ከዚያ ካሴቱን ወደ ኋላ ስናጠነጥን ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩ ተጠማዘዘ፣ ተበጠሰ። በእጃችን የቀረው ላፕቶፑ ላይ ያለው ፋይል ብቻ ሆነ። እሱም የሌላ ሰው ድምፅ ይዞ ቁጭ አለ፤ ወፍራም፣ ዘገምተኛ፣ የአርባ ዓመት ሴት የምትመስል። እናትየዋ ያንን ስትቀዳ 22 ዓመቷ ነበር።

ጥፋቱ የመቀየሪያው አልነበረም፣ የካሴቱም አልነበረም። የእኛ ነበር። ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ሳይስማሙ ነው የቀዳነው። ዛሬ ስለ እነዚህ ቁጥሮች እናወራለን። ካሴት የምትቀዱም፣ በዩኤስቢ ማይክ ፖድካስት የምትሠሩም፣ ጊታር ወይም ኪቦርድ ከላፕቶፕ ጋር የምታገናኙም ብትሆኑ ችግሩ ያው ነው፣ መፍትሔውም ያው ነው።

ሳምፕል ሬት ምንድን ነው?

ስልካችሁ ቪዲዮ ሲቀርፅ የሚያደርገውን አስቡት። በሰከንድ 30 ያህል ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ለዓይናችን እንቅስቃሴ ይመስላሉ። የድምፅ መቀየሪያም ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ፍጥነቱ ብቻ በጣም ይበልጣል። ከቴፑ በገመድ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በቁጥር ይጽፋል። አንዷ ልኬት «ሳምፕል» ትባላለች። በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረው ቁጥር ደግሞ «ሳምፕል ሬት» ነው፤ መለኪያው ሄርዝ ነው።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ በዛ? ጤነኛ የወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ አካባቢ ይሰማል። አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ ደግሞ ከዚያ ከእጥፍ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ40,000 በላይ መሆን አለበት ማለት ነው።

ዓለም ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ 44,100 እና 48,000።

44,100 የሲዲ ቁጥር ነው። ሶኒ እና ፊሊፕስ ሲዲን ይዘው ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ቁጥሩ እንግዳ የሆነው የዚያን ጊዜ ዲጂታል ድምፅ ይቀመጥ የነበረው በቪዲዮ ካሴት ላይ ስለሆነ ነው። በሥዕሉ እያንዳንዱ መስመር ላይ 3 ሳምፕል፣ በ245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። አባዙት፣ 44,100 ይመጣል።

48,000 ደግሞ የቪዲዮ ቁጥር ነው። በሰከንድ 24፣ 25 ወይም 30 ሥዕል ላለው ቪዲዮ ሲካፈል ያለ ትርፍራፊ ያልቃል፤ 2,000፣ 1,920፣ 1,600። ለዚህ ነው የቪዲዮ ሥራ የሚወደው።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለሰው ንግግር አንዱ ከሌላው ይበልጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ጣጣው የሚመጣው መቀየሪያው በአንዱ፣ ፕሮግራሙ በሌላው ሲሠራ ነው።

ቁጥሮቹ ሲጣሉ ምን ይሰማል?

የእኛን እንይ። መቀየሪያው በሰከንድ 48,000 እየለካ ይልካል። የቀዳንበት ፕሮግራም ግን 44,100 ላይ ተደርጎ ስለነበር ፋይሉ ላይ «ይሄ በሰከንድ 44,100 ነው» ብሎ ጻፈበት። ማጫወቻው ደግሞ የተጻፈለትን ነው የሚያምነው። በአንድ ሰከንድ ማለቅ ያለባቸው 48,000 ሳምፕሎች ስላላለቁለት ወደሚቀጥለው ሰከንድ ይዟቸው ይሄዳል። ንግግሩ 8 በመቶ ገደማ ይዘገያል፣ ድምፁም አብሮ ይወፍራል።

ምልክቶቹን ከምክንያቱ ጋር እናስቀምጥላችሁ፦

1. ወፍራምና ዘገምተኛ ድምፅ፦ በ48,000 የተለካው በ44,100 እየተጫወተ ነው።
2. ቀጭንና የሚጣደፍ ድምፅ፦ የተገላቢጦሽ ነው። በ44,100 የተለካው በ48,000 እየተጫወተ ነው።
3. በትክክል በግማሽ ፍጥነት ወይም በእጥፍ ፍጥነት የሚሄድ፦ 48,000 እና 96,000 ተምታተዋል፣ አልያም የአንድ ቻናልና የሁለት ቻናል ድምፅ ተደባልቋል።
4. ፍጥነቱ ልክ ሆኖ እንደ ስልክ የታፈነ፣ «ስ» እና «ሽ» የደበዘዙበት፦ ላፕቶፑ ከመቀየሪያው ሳይሆን ከብሉቱዝ ማዳመጫችሁ ማይክ እየቀዳ ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ወደ 16,000 ወይም ወደ 8,000 ይወርዳል።
5. ጠቅ ጠቅ፣ ጭርጭር የሚል፦ ሳምፕሎች መንገድ ላይ እየጠፉ ነው። ወደ በኋላ እንመጣበታለን።
6. ጭራሽ መቅዳት እምቢ ብሎ «መሣሪያውን መክፈት አልተቻለም» የሚል መልእክት፦ ፕሮግራሙ መቀየሪያው የማያውቀውን ቁጥር እየጠየቀው ነው። ርካሽ መቀየሪያዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት 44,100ን እና 48,000ን ብቻ ነው፤ 96,000 ብትሉት አይገባውም።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ

ድምፅ የወፈረ ሁሉ የሳምፕል ሬት ችግር አይደለም። ቴፕ ባትሪው ሲደክም ወይም ውስጡ ያለው ጎማ ሲላላ ራሱ ይዘገያል። ስለዚህ ምንም ሳትነካኩ እነዚህን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ኤርፎን በቀጥታ ቴፑ ላይ ሰክታችሁ አዳምጡ። እዚያ ልክ ከሆነ ችግሩ ከመቀየሪያው ወዲህ ነው። እዚያም ከወፈረ ግን ላፕቶፑን ተዉት፣ ቴፑን አሠሩ።

ሁለተኛ፣ የስልካችሁን ስቶፕዋች ክፈቱና ልክ 10 ደቂቃ ቅዱ። ካሴት አያስፈልግም፣ ዝምታም ቢሆን ይሠራል። ከዚያ የፋይሉን ርዝመት እዩ። 10 ደቂቃ ከሆነ ሰላም ነው። 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ከሆነ የእኛ በሽታ ይዟችኋል። 9 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከሆነ ደግሞ የተገላቢጦሹ። ይሄ ሙከራ በጆሮ ከመገመት በጣም ይሻላል፤ ሰዓት አይዋሽም።

ሦስተኛ፣ ይሄ ደግሞ እኛ ራሳችን የወደድነው ነው። ካሴታችን ስለተበላ እንደገና ቀድተን መለካት አንችልም ነበር። ግን ቴፑ የተሰካው ሶኬት ላይ ነበር፣ ፋይሉ ውስጥ ከንግግሩ በታች ያ የመብራት «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው። በኦዳሲቲ «አናላይዝ» ከዚያ «ፕሎት ስፔክትረም» ብላችሁ፣ «ሳይዝ» የሚለውን ወደ ትልቁ ቁጥር አድርጋችሁ ስታዩት ጉብታው 50 አካባቢ መሆን አለበት። የእኛ 46 አካባቢ ላይ ነበር። 50ን በ44,100 አባዙና ለ48,000 አካፍሉት፣ 45.9 ይመጣል። በቃ፣ ተያዘ።

ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ቁጥር ምረጡ

ሕጉ አንድ ነው፦ ከመቀየሪያው እስከ ፋይሉ ድረስ አንድ ቁጥር ይኑር። የቱን እንደምትመርጡ ካላወቃችሁ 48,000 በሉ። ቪዲዮ ላይ ለማስገባትም ይመቻል።

ዊንዶውስ ላይ፦ የስፒከሩን ምልክት በቀኝ ተጫኑ፣ «ሳውንድ ሴቲንግስ»፣ ወደ ታች ወርዳችሁ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ»። «ሪኮርዲንግ» የሚለው ውስጥ መቀየሪያችሁን ፈልጉ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ»። «ዲፎልት ፎርማት» የሚለው ላይ 48,000 ያለበትን ምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ መቀየሪያው ሌላ አያውቅም ማለት ነው፤ እናንተ ፕሮግራሙን ወደ እሱ አምጡት። እዚያው ገጽ ላይ ፕሮግራሞች መሣሪያውን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅድ «ኤክስክሉሲቭ» የሚል ምልክት አለ። እሱን አጥፉት። ዊንዶውስ ቁጥሮች ሲለያዩ መሃል ገብቶ የማስታረቅ ልማድ አለው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ይሄን ፈቃድ ይዞ ዊንዶውስን ዘሎ በቀጥታ ወደ መቀየሪያው ይሄዳል። ያኔ አስታራቂ የለም።

ማክ ላይ፦ «አፕሊኬሽንስ» ውስጥ «ዩቲሊቲስ»፣ ከዚያ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ»። ከግራ በኩል መቀየሪያውን ምረጡ፣ «ፎርማት» ላይ ቁጥሩን አስተካክሉ። ማክ ላይ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ቁጥሩን ሊቀይርባችሁ ስለሚችል ስትቀዱ ሌላውን ዝጉ።

የምትቀዱበት ፕሮግራም ላይ፦ ኦዳሲቲ ከሆነ «ኦዲዮ ሴትአፕ»፣ «ኦዲዮ ሴቲንግስ»፣ እዚያ «ፕሮጀክት ሳምፕል ሬት» የሚለውን ያንኑ ቁጥር አድርጉት። መቀየሪያውን የሰካችሁት ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ላያየው ይችላል፤ ዘግታችሁ ክፈቱት።

ከዚያ ውዱን ነገር ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ቅዱና መልሳችሁ ስሙ። እኛ ያላደረግነው ይሄንን ነው። አንድ ደቂቃ ብንሰማ ኖሮ ካሴቱ ሳይበላ እናውቀው ነበር። ለሙከራውም የማትሳሱለትን ሌላ ካሴት ተጠቀሙ፤ ያረጀ ክር በተጫወተ ቁጥር ይጎዳል።

ጠቅ ጠቅ የሚለውስ?

ቁጥሮቹ ተስማምተው አሁንም ጠቅ ጠቅ ካለ መንገዱ ተጨናንቋል። ድምፅ በዩኤስቢ ሲጓዝ እንደ ፋይል ኮፒ አይደለም። ፍላሽ ላይ ኮፒ ስታደርጉ አንድ ነገር ቢበላሽ ኮምፒውተሩ እንደገና ይጠይቃል። ድምፅ ግን በሰዓቱ መድረስ ስላለበት የጠፋው እንደጠፋ ያልፋል። ያቺ የጠፋች ቁራጭ ናት «ጠቅ» የምትለው።

ስለዚህ፦
- መቀየሪያውን ከሀብ ነቅላችሁ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ስኩት። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ አጠገቡ እየሠሩ ከሆነ ንቀሉ።
- ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳና፣ ካለ፣ ሌላ ገመድ ሞክሩ።
- ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ አድርጉት፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉት።
- ብሮውዘርና ዳውንሎድ ዝጉ።
- ፕሮግራሙ ላይ «ባፈር» የሚል ካለ ከፍ አድርጉት። ባፈር እንደ ውኃ ሮቶ ነው፤ ላፕቶፑ ለአፍታ ቢዘገይ የተጠራቀመው ይሸፍንለታል።

ልብ በሉ፦ ሲቀዳ የጠፋ ሳምፕል ተመልሶ አይመጣም። ከልክ በላይ ጮክ ብሎ ገብቶ የተቀደደ ድምፅም እንዲሁ። ቀጣዩ ክፍል የሚያድነው በተሳሳተ ቁጥር የተሰየመን ፋይል ብቻ ነው።

አንዴ ከተቀዳስ? የእኛ ፋይል እንዴት ዳነ

መጀመሪያ ያደረግነው ስህተት ነበር። ድምፁን በሚያቀጥን መሣሪያ በጆሯችን እየገመትን ወደ ላይ ወደ ታች ስናደርገው አመሸን። ድምፁ ቀጠነ፣ ግን እንደ ካርቱን ሆነ። ጓደኛችን ደግሞ እናቷን ስለማታስታውስ «ልክ ነው ወይስ አይደለም» ልትለን አልቻለችም።

ነገሩ ግን ግምት አያስፈልገውም። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሳምፕሎች ሁሉም ልክ ናቸው። የተሳሳተው ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ሆኖ ላዩ ላይ «ውኃ» ተብሎ እንደተጻፈ ማለት ነው። ዘይቱን አትንኩት፣ ጽሑፉን ቀይሩት።

በኦዳሲቲ እንዲህ ነው፦

1. ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሥራው ሁሉ ኮፒው ላይ ይሁን።
2. ኮፒውን ኦዳሲቲ ውስጥ ክፈቱ።
3. ከድምፁ መስመር በግራ በኩል ስሙ አጠገብ ያለውን ሜኑ ክፈቱ፣ «ሬት» የሚለውን ምረጡ፣ 44,100 የነበረውን 48,000 አድርጉት።
4. አዳምጡ፣ ርዝመቱንም እዩ።
5. «ዋቭ» አድርጋችሁ አውጡት። ለቴሌግራም የሚላከውን ትንሽ ፋይል ከዚህ ላይ ትሠራላችሁ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ሪሳምፕል» የሚል ሌላ ትእዛዝ አለ። ስሙ ያሳስታል። እሱ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ሳምፕሎቹንም እንደ አዲስ ስለሚያሰላ የተበላሸው ፍጥነት እንደተበላሸ ይቀጥላል። እናንተ የምትፈልጉት «ሬት» የሚለውን ነው።

የማንኛውንም ፋይል ቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ ቪኤልሲ ላይ «ቱልስ»፣ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» በሉ፤ «ሳምፕል ሬት» ብሎ ያሳያችኋል። የሚያሳያችሁ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ውስጡ ያው መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁ ሰዓቱ ነው።

የእኛ ፋይል 33 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር። ካሴቱ ደግሞ በአንድ ወገን 30 ደቂቃ የሚይዝ ነው። ካሴት ላይ ትንሽ ትርፍ ክር መኖሩ የተለመደ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ግን በዛ። ቁጥሩን ስንቀይረው 30 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ሆነ። የመብራቱም ጉብታ 50 ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ሥራው አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

በማግሥቱ ተመልሰን ሄድን። ጓደኛችን ላፕቶፑን አያቷ ፊት አስቀመጠችና «እማማ፣ እስኪ አሁን ስሚው» አለቻት። ካሴቱ ሲጀምር ወጣቷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ትላለች።

አያትየዋ ለእኛ ምንም አላሉንም። ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺስ?» አሉ።

ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ የድሮ ሻንጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ዛሬ አውጡት። ቁጥሮቹን አስማሙ፣ አንድ ደቂቃ ቅዱና ስሙ፣ ከዚያ ሙሉውን ቅዱ። ከዚህ በፊት ቀድታችሁ «ተበላሸ» ብላችሁ የተዋችሁት ፋይል ካለም አትሰርዙት። ይሄንን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፣ ካሴት ላለው ሰውም ላኩለት።